ከሞተር ውስጥ የሚሰወረው ውሃ

አሮጌ አውቶሞቢል ይዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከሻንጣው አስቀድሞ የሚጭነው ነገር ቢኖር በውሃ የተሞላ ጄሪካን ነው። ሞተሩ ውሃ እንደሚያጎድል ያውቃል፤ ወዴት እንደሚያደርሰው ግን አያውቅም። መሬት ላይ የወደቀ ጠብታ የለም፤ የጎማ ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ራዲያተሩም ከወር በፊት ተበይዷል። ይሁንና በየሰባውና በየሰማንያው ኪሎ ሜትር ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ውሃው አንድ ሊትር ያህል ወርዶ ይገኛል። ባለንብረቱ በመጀመሪያ ይገረማል፤ ቀጥሎ ይለምደዋል፤ ሞተሩ ግሎ ተነክሶ ከመንገድ ዳር የቆመ ዕለት ግን ልማዱ ያስከፈለውን ዋጋ ቁጭ ብሎ ያሰላል።

በዚህ ጽሑፍ ለማውሳት የተፈለገው ይኸው ምክንያቱ የማይታወቅ የውሃ መጉደል በምን ዘዴ ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ለምሳሌ እንዲሆን የተመረጠችው ላዳ ናት። እንደሚታወቀው ላዳ የተወለደችው ከኢጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት ጀምራ፣ የዚሁ የአሮጌው ዓይነት ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለአያሌ ዓመታት የአዲስ አበባን ሕዝብ ስታመላልስ የኖረችው እርሷ በመሆኗ አንባቢ በሚገባ ያውቃታል። የቮልስ ባለቤቶች ይህን ጽሑፍ ቢያልፉት አይፈረድባቸውም፤ ሞተራቸው በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የራዲያተር ጣጣ የለባቸውም።

ላዳ ከማሞቂያዋ ጭምር ወደ 10 ሊትር ገደማ፣ በትክክል ሲነገር 9.85 ሊትር ውሃ ትይዛለች። ይህ ውሃ በፖምፓ እየተገፋ በብሎኩና በቴስታታው ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይወርዳል፤ በዚያም በቬንቲላተሩ ነፋስ ቀዝቅዞ ይመለሳል። በመካከል የቆመው ቴርሞስታት ውሃው ወደ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ የራዲያተሩን በር ዘግቶ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ለደጋ አገር ነዳጂ ግን ዋና የሆነው ቁም ነገር የራዲያተሩ ክዳን ነው።

ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። የጤነኛ ሞተር የሥራ ሙቀት ከ85 እስከ 95 ዲግሪ መሆኑን ያስታውሷል። እንግዲህ ውሃው ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ያህል ቢሆን ኖሮ ላዳይቱ ምንም ሳትታመም ጣርማ በር ላይ ትፈላ ነበር። ይህ እንዳይሆን የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ ባለው ሞላ አማካይነት ውሃውን በግማሽ ኪሎ ግፊት አፍኖ ይይዘዋል፤ በዚህም ምክንያት የመፍያው ነጥብ አዲስ አበባ ላይ ወደ 106 ዲግሪ ከፍ ይላል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ መሬት ላይ ጠብታ አይጥልም። ስለዚህ ማናቸውም ምርመራ ከክዳኑ ቢጀመር ይመረጣል፤ በርካሽ የሚገዛ ዕቃ ነውና።

ከዚህም በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ውሃው በእርግጥ ጎድሏል ወይ? ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በመቶ ከሦስት በላይ ይጨምራል። ከ10 ሊትር ላይ ይህ አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እስከ አፍ ጢም አድርጎ የሚሞላ ሰው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይህንኑ ትርፍ በማፍሰሻ ቱቦው ይተፋበታል፤ በማግስቱም «ጎደለ» ብሎ እንደገና ይሞላል። ላዳ ለዚህ ትርፍ የሚሆን የፕላስቲክ መያዣ አላት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተገፋው ውሃ ከዚያ ተስቦ ወደ ራዲያተሩ ይመለሳል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ላይ ግን ይህ መያዣ ተሰብሮ ተጥሏል፤ ቱቦው በባዶው ተንጠልጥሎ ይታያል። እንደዚህ ያለ መኪና የያዘ ሰው የሚፈልገው ጉድለት ሞተሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። መያዣው ካለ በቀዝቃዛው ሰዓት ውሃው የደረሰበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ለአንድ ሳምንት ሳይሞሉ በየጠዋቱ መመልከትና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በወረቀት ላይ መመዝገብ ጥሩ ዘዴ ነው። ያለ መዝገብ የሚነገር የውሃ ጉድለት ከግምት አያልፍም።

ጉድለቱ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ ቀጥሎ የሚታየው ከውጭ ያለው ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ማደር ይጠቅማል። አንዳንድ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው ብረቱ ሲቀዘቅዝና ሲሸማቀቅ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በግፊት ጊዜ ብቻ ይተፋና ውሃው ትኩሱ ብረት ላይ ደርቆ ነጭ ወይም የዝገት መልክ ያለው ዱካ ትቶ ያልፋል። ስለዚህ የሚፈለገው እርጥበት ብቻ አይደለም፤ ዱካም ጭምር ነው። የጎማ ቱቦዎቹ ጫፍና ፋሸታዎቹ፣ ከፖምፓው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ በብሎኩ ጎን የተመቱት ክብ የብረት ውታፎች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። የፖምፓዋ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ ከውስጥ ያለው ማተሚያ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በእርሷ በኩል ይወጣል። እርሷን በሙጫ የሚደፍን ሰው አይታጣም፤ ይህ ግን ምስክርን አፉን እንደ መያዝ ነው።

በላዳ ላይ በተለይ የሚዘነጋው ሌላ ቦታ የማሞቂያዋ ቧንቧ መክፈቻ ነው። በሞቃት አገር ማሞቂያ የሚከፍት የለምና ማንም አያስታውሰውም። ከመክፈቻው የሚንጠባጠበው ውሃ ግን ወደ ውጭ አይፈስም፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ውስጥ ይሰምጣል። ምንጣፉን ገልጦ በእጅ መዳሰስ፣ የፊት መስተዋቱም ያለ ዝናብ በእንፋሎት የሚደፈን መሆን አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ያልተገኘ እንደሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይሄዳል ማለት ነው። ችግሩም ወጪውም የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዐይኑ ያየውን ታሪክ እዚህ ላይ ማምጣቱ ሳይጠቅም አይቀርም።

የእህቴ ልጅ በአዲስ አበባ በላዳ ታክሲ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ነበር። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ መኪናው ውሃ ማጉደል ጀመረች። ሰፈሩ ያለ አንድ ጋራዥ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ሲያይ የሁለተኛውና የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ በውሃ የታጠበ ያህል ነጥቶ ተገኘ። «በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮን ተበልቷል» ተባለ። ቴስታታው ተፈታ፤ ጓርኒሲዮን ተለወጠ። አሥር ቀን ሳይሞላ ውሃው እንደ ቀድሞው ጎደለ። «እንግዲያውስ ቴስታታው ጠምሟል» ተባለና ሁለተኛ ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። በዚህ መካከል መኪናይቱ ሦስት ሳምንት ቆማለች፤ ቤት ውስጥ የሚገባው የዕለት ገቢ ተቋርጧል፤ ለጥገናው የወጣውም ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ነበር። ውሃውም አሁንም ጎደለ።

በጥር ወር እናቱ ደሴ ላይ በጠና መታመሟ ተሰማና በዚያችው ላዳ አብረን ተነሣን። አራት ጄሪካን ውሃ ጭነናል። ደብረ ብርሃን ድረስ ያለ ብዙ ችግር ደረስን፤ ጣርማ በርን ወጥተን ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሰነጠቁትን ዋሻ አለፍንና ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ መንገድ ነው፤ ሹፌሩ ፍሬን እንዳይግልበት ማርሽ አስገብቶ፣ እግሩን ከቤንዚኑ አንሥቶ በሞተሩ ይዞ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመን፣ ሞተሩ በረድ እስኪል ጠብቀን፣ በጨርቅ ሸፍነን ክዳኑን ስንከፍት ከሁለት ሊትር በላይ ጎድሏል። ዳገቱን ስትወጣ ያልጠጣችውን ቁልቁለቱን ስትወርድ ጠጣችው። «ቁልቁለት ሞተር ምን ያደክመዋል?» እያለ ሲገረም፣ እኔም የምመልስለት አጣሁ። የሙቀት ማመልከቻው መርፌ ደግሞ አንድም ጊዜ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር።

ደሴ ስንደርስ ሕመምተኛዋን ጠይቀን በማግስቱ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውየው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠየቁ።

«ልጄ፣ ውሃው የሚጎድለው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት ላይ?»

«ጋሼ፣ ለሰው ብነግር ይስቁብኛል ብዬ እንጂ ቁልቁለት ላይ ነው» አላቸው።

«አይሳቅም። ጠዋት ስታስነሣትስ?»

«ትንሽ ትንተባተባለች። ለአምስት ደቂቃ ያህል በማርሚታው ነጭ ጭስ ትለቃለች፤ ከዚያ ትስተካከላለች።»

«ዘይቷ?»

«ንጹሕ ነው። ቡና በወተት የሚመስል ነገር የለውም።»

ሽማግሌው የአራቱንም ሲሊንደር የመጭመቂያ ኃይል በመለኪያ ለኩ፤ አራቱም እኩል ሆኑ። ቀጥለው ክዳኑን ከፍተው በቀዝቃዛው ሞተሩን አስነሥተው የራዲያተሩን አፍ ተመለከቱ፤ አረፋ አይወጣም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ የጓርኒሲዮኑን ክስ ውድቅ ለማድረግ በቂ ነበሩ። ጓርኒሲዮን በሲሊንደርና በውሃ መንገድ መካከል ሲበላ ውሃው ወደ ሲሊንደር መግባቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት የቃጠሎው ግፊት ከውሃው ግፊት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ጋዙም በተራው ወደ ውሃው ይገባል። የራዲያተሩ አፍ ይንተከተካል፤ የጎማ ቱቦዎቹ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይጠጥራሉ፤ ሸክሙ በበረታበት ዳገት ላይም ጉድለቱ ይብሳል። ከእነዚህ አንዱም በእኛ ላዳ ላይ አልነበረም። (የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ጋራዦች ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ያሳልፉታል፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህም ቴስታታ ሳይፈታ የሚደረግ ምርመራ ነው።)

ታዲያ ጓርኒሲዮኑ ንጹሕ ከሆነ ሁለቱን የመካከል ካንዴላዎች ማን አጠባቸው? ሽማግሌው በእጃቸው ካርቡራተሩን አመለከቱ። ከካርቡራተሩ ሥር ማኒፎልድ የሚባለው ቅርንጫፋም ቧንቧ አለ፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍል ነው። በላዳ ላይ ይህ ቧንቧ በብርድ ጊዜ ድብልቁ እንዳይጤዝ የሞቀ ውሃ በጎኑ እንዲያልፍበት ተደርጎ ተሠርቷል። የውሃውን መንገድ ከድብልቁ መንገድ የምትለየው ደግሞ ፋብሪካው የመታት አንዲት ቀጭን የብረት ውታፍ ናት። እርሷ በዝገት ከተበላች ውሃው በቀጥታ ወደ ሞተሩ መተንፈሻ ይገባል።

የቁልቁለቱም ምሥጢር በዚህ ይፈታል። ሹፌሩ እግሩን ከቤንዚኑ አንሥቶ በማርሽ ሲወርድ የካርቡራተሩ በር ይዘጋል፤ ፒስቶኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙም። በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ከመቼውም ይልቅ የሚበረታው በዚህን ጊዜ ነው። ሞተሩ አየር ሲያጣ ውሃውን በቀዳዳዋ በኩል ይምጋል፤ በእንፋሎት መልክም በማርሚታው አስወጥቶ ይበትነዋል። ዳገት ላይ በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት የመሳቡ ኃይል ይደክማል፤ ውሃውም ብዙ አይነካም። መኪናው ከቆመ በኋላ ደግሞ በራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ጥቂት ውሃ ወደ ማኒፎልዱ ገፍቶ ያሳድራል፤ የጠዋቱ መንተባተብና ነጭ ጭስ ከዚያ የመጣ ነው። ለነገሩ በደጋ አገር ብርድ ጠዋት የማንኛውም መኪና ማርሚታ ጥቂት እንፋሎት ያወጣል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወይም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ካልተደጋገመ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሽማግሌው ያመዛዘኑት ግን አንዱን ምልክት ነጥለው ሳይሆን አራቱን ባንድ ላይ ነበር።

ካርቡራተሩን ለማንሣት አራት ብሎን መፍታት በቂ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ ገጥመው ግማሽ ኪሎ ያህል አየር ገፉና ባትሪ አብርተው ወደ ውስጥ አሳዩን። በውታፏ ዙሪያ ውሃው እንደ ላብ ነጥቦ ወጣ፤ ነጥቦቹ ተያያዙና በቀስታ ወደ ታች ወረዱ። የእህቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆየ። ሁለት ጊዜ ቴስታታ ያስፈታው፣ ሦስት ሳምንት ሥራ ያስፈታው፣ የልጆቹን ገንዘብ የበላው ጠላት የሳንቲም ያህል ቁራጭ ብረት ነበር።

ለመጀመሪያው ጋራዥ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ የታጠቡት ሁለት ካንዴላዎች ጎን ለጎን በመሆናቸው ጓርኒሲዮን መጠርጠሩ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ጥርጣሬውን በመለኪያ ሳያረጋግጡ ወደ መፍታት መሄዱ ላይ ነው። የመጭመቂያ ኃይል መለካት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ቴስታታ መፍታት ቀናትን ይወስዳል፤ ለባለጋራዡ ደግሞ የሚከፈለው ለፈታው ነው። ይህን የምንለው ሰዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ የአሠራሩ ችግር ግን መነገር አለበት።

ውታፏ ወጥታ በእጅ ስትያዝ ጠርዟ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ሽማግሌው በምትኳ ከነሐስ አንድ በቶርኖ አስቀርጸው፣ በማተሚያ ማጣበቂያ ቀብተው መቷት። ሲመቱም አንድ ነገር አስጠነቀቁ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲሊንደር ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፤ ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ፒስቶኑ ውሃውን መትቶ አገናኙን ብረት ያጎብጠዋል። ያን ጊዜ ጥገናው የሳንቲም ያህል ብረት መለወጥ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ዝገቱ ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው። ፋብሪካው ለላዳ ያዘዘው ቶሶል የሚባለውን ፈሳሽ ነበር። እኛ አገር «በረዶ በሌለበት የበረዶ መከላከያ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ፣ መንገድ ላይም ከወንዝ የተጠለቀ ይጨመራል። ፈሳሹ ከበረዶ መከላከሉ አንዱ ሥራው ብቻ ነው፤ በውስጡ የዝገት መከላከያ አለበት፤ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅም የመፍያውን ነጥብ በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል፤ ጣርማ በር ላይ ጥቂት ዲግሪ ብዙ ነው። መልኩና ሽታውም የተለየ ስለሆነ የሚያፈስበትን ቦታ ያጋልጣል። ተራ ውሃ ግን ደርቆ ይጠፋል። አቅም ለማይፈቅድለት ሰው ቢያንስ ዝናብ ውሃ ወይም ተፈልቶ የጠለለ ውሃ ከወንዝ ውሃ ይሻለዋል። ቀዳዳ እንዲደፍን ተብሎ እንቁላል የሚሰብሩበትና ዱቄት የሚበትኑበት አሉ፤ ቀዳዳውን ለሰዓታት ቢደፍኑት እንኳ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቧንቧዎች አብረው ይደፍናሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ መገልበጥም ቴስታታን ይሰነጥቃል፤ መጠበቅ፣ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ በቀስታ ማንቆርቆር ይገባል።

እህቴ ተሽሏት ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመን ከመያዣው ምልክት ጋር አመሳከርን፤ ዳገቱን ወጥተን ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጥተን ተመለከትን። ውሃው ከምልክቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ በሥርዓቱ ውስጥ የቀረ አየር ወጥቶ ነው። አንድ ብርጭቆ ጨመረበት። አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ ለአንድ ወር በየጠዋቱ እየተመለከተ በደብተር ሲመዘግብ ሌላ መጨመር አላስፈለገውም። ላዳይቱ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠርታለች፤ በ2009 ዓ.ም. የፒስቶን ፋሻዋ አልቆ ዘይት መጠጣት ስትጀምር ሸጣት።